አይበርደኝም ያለው ልጄ

ከበረዶው ውስጥ ሲያወጡት አይንቀጠቀጥም ነበር። "አይበርደኝም" እያለ ጃኬቱን ሊያወልቅ ታገላቸው። ያወጡት ሰዎች ይሄ የባሰ ምልክት እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ ያን ሰዓት ኮሎምበስ አጠገብ ኦቤትስ የሚባል ቦታ፣ ዌርሃውስ፣ ማለት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግኩ ነበር።

ልጄ ናሆም ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአብሮ አደጉ ከቢኒያም ጋር ስኖውቦርድ፣ ያን በጣውላ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ሊጫወቱ ኮሎራዶ ሄዱ። ለመጫወቻ ከተከለለው ሪዞርት አልፈው ሰው ያልረገጠው ተራራ ላይ ወጡ። አዲሱ በረዶ ከሥሩ ካለው ጋር አልተያያዘም። ተንዶ ሁለቱንም ይዟቸው ወረደ። ሌሎች ተጓዦች ደርሰው ቆፈሩ። ናሆም በሕይወት ወጣ። ቢኒያም ሞቶ ወጣ።

ዴንቨር ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ በአስተርጓሚ "ሃይፖሰርሚያ ነው" አለችኝ። የሰውነቱ ሙቀት ወርዷል። ልቡ በዝግታ ይመታል። ቀስ እያሉ አሞቁት። እግሩን ደግሞ ብርድ መትቶታል፣ ፍሮስትባይት ይሉታል። ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጭ ሆነዋል። ነካሁት። አላወቀም። ላሽለት ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ፤ ማሸት ይጎዳዋል። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም።

በኮቪድ ምክንያት አንድ ጠያቂ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እሱም እኔ ነኝ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ተፈራ ከኮሎምበስ ኮል አደረጉልኝ።

"አደራሽን፣ የቢኒን ነገር እንዳትነግሪው። በሕመሙ ላይ መርዶ አይጨመርበትም። ሲድን እኛው በጠዋት ቤት መጥተን እናረዳዋለን።"

ወጋችን ነው። እሺ አልኩ።

ናሆም ሲነቃ "ማም፣ ቢኒ የት ነው?" አለኝ።

"ሌላ ሆስፒታል።"

"ደውይለት።"

"ስልኩ በረዶ ውስጥ ቀርቷል።"

በማግስቱም ጠየቀ፣ ሌላ ነገር አልኩት። ከዚያ መጠየቅ ተወ። መብላትም ተወ። እንቅስቃሴ የሚያሠራው ቴራፒስት በእግሩ ሊያቆመው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። "ልቡ ደህና ነው። ኩላሊቱም ደህና ነው። ካልበላና ካልተነሳ ግን ይወድቅብናል። የጠረጠረውን ነገር ብቻውን ተሸክሞታል። ካቃተሽ እኔ ልንገረው።"

"አይ" አልኳት።

ገባሁ። ሽማግሌ የለም። ጠዋትም አይደለም። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው።

"ናሆሜ፣ ቢኒ ሞቷል።"

"አይ ኖው፣ ማም። አውቄዋለሁ።" ፊቱን ከግድግዳው ወደ እኔ መለሰ። "ያንን ቁልቁለት ተራ በተራ ነበር ማለፍ ያለብን። ተምረነዋል። እሱ ግን 'ብቻህንማ አትሄዳትም' ብሎ ተከተለኝ።"

አለቀሰ። ያን ቀን ሾርባውን በግማሽ ጠጣ።

ከዚያ ወደ ኮሎምበስ፣ ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መለስኩት፤ የጠቆሩት ጣቶች ከደህናው ሥጋ እስኪለዩ ተጠበቀና ከግራ እግሩ ሁለቱን እዚሁ ቆረጡለት፣ ሐኪሞቹ አምፑቴሽን የሚሉት ማለት ነው። ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ቢሆን ቤት የምትመጣው ቴራፒስት እያለች በክራንች ይንቀሳቀሳል እንጂ ስትሄድ ተመልሶ ይተኛል፤ የበሩ ደወል ሲጮህ ደግሞ የቢኒ እናት እትዬ አልማዝ የመጡ እየመሰለው ብርድ ልብሱን ይከናነባል።

አንድ ቅዳሜ እውነትም መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። በሩ ላይ "ማነው የነገረው?" አሉኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ደግ አደረግሽ" ብለውኝ አለፉ።

ናሆም ሶፋው ላይ ነበር። ክራንቹን አልያዘም። የሶፋውን ጠርዝ ተደግፎ ተነሳ፣ እጁንም ለቀቀ። "ኖር" አላቸው፣ በዚያ በፈረንጅ አፉ።

"በእግዜር፣ የኔ ልጅ። ቁጭ በል፣ ከኔ ይልቅ አንተ ሽማግሌ መሰልክ።"

እሳቸው ሳይቀመጡ አልተቀመጠም። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ተራራ የሚወጡባችሁ እናቶች፣ እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ይህን የነገረኝ ልጄ ነው። የዕለቱን የናዳ ትንበያ አንብበው እንደሆነ ጠይቋቸው። ቢከን የሚባለውን፣ በረዶ የቀበረውን ሰው መፈለጊያ እያንዳንዳቸው ከገላቸው ላይ ይታጠቁት፣ አካፋና ረጅም መውጊያ ዘንግም ይያዙ። ብዙ በረዶ ወርዶ ንፋስ ከነፈሰ ቁልቁለቱ ይቅርባቸው። በረዶው ከእግራቸው ሥር ድም ካለ ወይም ከተሰነጠቀ ይመለሱ። "አትለያዩ" ብለን ነው ልጅ የምንሸኘው፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን አንዱ ሲያልፍ ሌላው ከዳር ቆሞ ይየው በሏቸው። በብርድ የነጣ እግር አታሹ፣ እሳት አታስጠጉ፣ ሐኪም ጋ አድርሱ። በሽተኛው ከጠየቃችሁም ንገሩት።

ስማቸውን የማላውቃቸው በእጃቸው ጭምር የቆፈሩ ሰዎች፣ እጄን የያዘችኝ ነርስ፣ ኮሪደር ላይ የጠራችኝ ሐኪም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ አልማዝ፣ ለእርስዎ ምን እንደምል አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ናሆም "ማም፣ እግሬን በረደኝ" አለኝ። ካልሲ አመጣሁለት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።