ራዲያተሩን ሞልቼው ነበር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ በአፌ ስላልተናገርኩት ነው። ፊት ለፊት አንቱ የምለውን አጎቴን እዚህ እሱ የምለውም ንዴቴ ስላልበረደ ነው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ እሱ ቤት እኖራለሁ። ከጊምቢ ቡና የሚያመላልስበት አሮጌ የጭነት መኪና አለው። ጠዋት ጠዋት ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ራዲያተሩን የምሞላው እኔ ነኝ። አፉ ድረስ እሞላና ክዳኑን አጥብቄ እገጥማለሁ። ሥራውን የሰጠኝ እሱ ነው፤ አጓድዬም አላውቅም።

በዚያ ሰሞን መኪናው መንገድ ላይ እየፈላ ያስቸግር ጀመር። የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱን ሲይዝ ይግላል፤ ቀዝቅዞ ክዳኑ ሲከፈት ራዲያተሩ ባዶ ነው። ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ስለዚህ ለአጎቴ የታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅቷ አልሞላችውም።

እራት ላይ ጠየቀኝ። ሞልቻለሁ አልኩ። ድምፄ አልሰማ ብሎት ደግሞ አስባለኝ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ኢንተላ፣ ጃንሆይ ይሙቱ በይ" አለኝ፤ ኢንተላ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን መማል ክልክል ነው፤ አዎ ካልን አዎ ማለታችን ይበቃል ተብለን ነው ያደግነው። እሱም በየእሁዱ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አሜን ይላል። ታላቅ ሲናገር ዓይኔን መሬት ላይ እንድጥል ያስተማረኝም እሱው ነው። አልማልኩም፣ ዓይኔንም አላነሳሁም፤ እሱ ግን ያስተማረኝን ሁሉ የጥፋቴ ማስረጃ አደረገው። ቤቴ ውሸታም አይቀመጥም፣ መኪናው እንደተሠራ እናትሽ ጋ ገጠር አደርስሻለሁ አለ። ሚስቱ ሳህን እያነሳች፣ መኪናውን ቁርስ የከለከለች ነገ እኛንም ትከለክለናለች ብላ ሳቀች።

እናቴን እወዳታለሁ። ግን ውሸታም ተብላ ከከተማ የተመለሰችን ልጅ መንደራችን ውስጥ የሚያምናት የለም።

በማግስቱ ገበያው አጠገብ ወዳለው መካኒክ ይዞኝ ሄደ። ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ የሸመገለ ሰው ነው። አጎቴ ጥፋቴን በራሴ አፍ እንድናገር ሰውየው ፊት አቆመኝ። መካኒኩ ግን እኔን ምንም አልጠየቀኝም። ራዲያተሩን አጎቴ ራሱ እንዲሞላው አደረገና ክዳኑን ሳይገጥም ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ውሃው እንደ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ተግተለተለ። ሞተሩን አጥፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፤ ጥቁሩ ዘይት ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል አለ። በሞተሩ ራስና በገላው መካከል የሚገባው ስስ ማሸጊያ ማለቱ ነው። እሱ ሲበላሽ ውሃው ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል እንጂ ወደ ውጭ ጠብ አይልም አለን። ቀጥሎ ወደ አጎቴ ዞረ።

"ወንድሜ፣ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍተህበታል?"

አጎቴ አንገቱን አከከ። መልሱን እኔም አውቀው ነበር። ከፋሲካ በፊት አንድ ቀን ከነጭነቱ ዳገቱ ላይ ሲግልበት፣ ከዴዴሳ የቀዳውን ውሃ በቆርቆሮ ሞተሩ ላይ እንደከለበሰበት፣ ብረቱም እንዴት እንደጮኸ፣ እራት ላይ እየሳቀ አጫውቶናል። እኔም አብሬ ስቄ ነበር።

"ትንሽ" አለ አጎቴ።

"ብረቱ የተጣመመው ያኔ ነው። ልጅቷ ሞልታለች፤ የጠጣው ሞተሩ ነው።"

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላው እየሄድኩ፣ ተሳስቼ ነበር እንዲለኝ ጠበቅኩ። ገበያው መሃል ሰላም ያለውን ሁሉ በኦሮምኛ "ነጋ፣ ነጋ"፣ ሰላም ነው፣ እያለ መለሰ፤ ለእኔ የሚሆን አንድ ቃል አጣ። ቤት ስንገባም ለሚስቱ መኪናው አርጅቷል ብቻ አላት። እኔን ገጠር የመመለሱን ነገር አንስቶት አያውቅም፤ ውሸታም ያለኝንም አላነሳም።

መኪናው ተሠርቶ የመጣ ዕለት ቁልፉን ግድግዳው ላይ ሰቀለና፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር እንዲህ አለኝ፦

"ኢንተላ፣ ነገ ጠዋት ውሃውን ሙይ። ደግሞ እንዳትረሺ።"