በጋዝጊብላ፣ ከማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ

ከባሕር ዳር ወደ ሰቆጣ

ወደ ሰቆጣ የተጓዝሁት ነርሶች በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥሙ ድንገተኛ አደጋዎችን ለይተው ፈጥነው እንዲያክሙ ለማሠልጠን ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ለአሠልጣኝነት ብቻዬን ስላክ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሸና ስንደርስ ሾፌራችን ከፊት የመጡትን አስቁሞ፣ "መንገዱ ሰላም ነው?" አላቸው።

"እስካሁን ሰላም ነው።"

"እስካሁን" የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋችም። ላሊበላ ላይ በመቶ ሃምሳ ብር ያዘዝሁትን ሽሮ ግማሹን ተውሁት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በራቁት ተራሮች ጎን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ይወርዳል። በየመታጠፊያው፣ ደም የሚፈሳት ወላድ በዚህ መንገድ እንዴት ሐኪም ቤት እንደምትደርስ አስብ ነበር።

ሰቆጣ

ለልምምድ የላስቲክ ወላድ ይዤ ነበር። ቀይ ውሃ እናፈስባታለን፤ ሠልጣኞቹ ከሥሯ በተቀመጠው መስፈሪያ የፈሰሰውን ለክተው የሚያደርጉትን ይወስናሉ። ከጋዝጊብላ ወረዳ የመጣችው ሲስተር ዝናሽ እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷም እንዲሁ።

"መምህር፣ ይቺ ሴትዮ አትጮህ፣ አትሳደብ! እንዲህ ያለች ወላድ ከተገኘች ለእኛ ይላኩልን።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ትምህርቱ ሥራ ላይ መዋሉን ለማየት አብሬያት ወደ ጤና ጣቢያዋ ልሄድ ነበርና ልቤ አላረፈም።

ጋዝጊብላ

እንደደረስን የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ምጧ ፋፍሞ አገኘናት። ቤተሰቦቿ ወንድ እንዳይገባ ስለለመኑ ከበሩ ውጪ ቆምሁ። ሕፃኑ አለቀሰ። ዝናሽ ከውስጥ፣ "የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ደሙ ትንሽ ነው" አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ የወላዷ አማት በነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ሸሽገው ወጡና ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ሄዱ። ተመልሰው ገቡ። እንደገና ወጡ። በሦስተኛው መንገዳቸውን ዘጋሁ።

"እናቴ፣ ምን ይዘዋል?"

"አንተ ልጅ፣ ዘወር በል! ለወንድ የሚታይ አይደለም።"

"ደም ነው?"

"የሴት ነገር ነው አልሁህ! ልጄን በሰው ፊት አላዋርዳት።"

ከነጠላቸው ጫፍ ደም ጠብ አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ዝናሽ ሕፃኑን ስታደርቅ፣ አማቷ ምራታቸውን ከኀፍረት ለማዳን የራሰውን ጨርቅ በንጹሕ ይተኩ ነበር።

"ዝናሽ! ደሙ በጨርቅ እየወጣ ነው! ይሄ ሦስተኛው ነው!"

ከዚያ፣ "ማህፀኗ ላልቷል! መምህር፣ ይግቡ!" ስትል ሰማሁ።

አማቷ በሩ ላይ ቆሙብኝ። እጃቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አዩና ድምፃቸው ተሰበረ።

"ግባ። ዓይንህን ግን ጠብቅ።"

ዓይኔን ከወላዷ ክንድ ሳላነሣ በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰካሁላት። ዝናሽ ደም የሚያቆመውን መርፌ ወግታ ማህፀኑን ታሻለች፤ እያሻችም አማቷን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ታዝዛለች። የምትለውን አልተረዳሁም፤ አማቷ ግን ጨርቆቹን ሁሉ ከጓሮ ሰብስበው ሳፋ ላይ ከመሩ። ክምሩን ሳይ አምቡላንስ አስጠራሁ። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። አምቡላንሱ ወደ ሰቆጣ ሲነሣ የዝናሽ እጅ ከወላዷ ሆድ አልተነሣም ነበር። የቀረችውን አንድ ቦታ አማቷ ያዙ፤ እኔ ደጅ ቀረሁ።

ወደ ቤት

በመልሱ ጉዞ ኔትወርክ አልነበረም። የወላዷን መጨረሻ ሳላውቅ ያን ሁሉ ተራራ አቋረጥሁ። መስፈሪያችን የሚለካው ከውስጡ የደረሰውን ደም ብቻ መሆኑን፣ ለአስታማሚዎችም ገና ሲገቡ "ጨርቁን እንዳታነሡ" መባል እንዳለበት የተማርሁት በሷ ሕይወት እንዳይሆን ፈራሁ።

ባሕር ዳር ቤቴ ስገባ ዝናሽ ደወለች።

"ደም ተሰጥቷት ድናለች። አማቷ ግን እዚሁ አጠገቤ ሆነው፣ ያ ልጅ ያየውን ለሰው አወራ ወይ ይሉኛል።"

"አላወራሁም። ለሌሎች ነርሶች ባስተምርበት ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

በኽምጣና ሲነጋገሩ ቆዩ፤ ዝናሽም ሳቀች።

"ይንገር ብለዋል። ስሜን ከጠራ ግን አልምረውም አሉ።"

ስማቸውን አልጻፍሁም።