በበለጡ ደጃፍ የተሰቀሉት መታወቂያዎች

መጀመሪያ ማኅተሙ መድረቁን በጣቷ ትነካለች፤ እርጥብ ቀለም ፕላስቲኩ ውስጥ ይጨማለቃል። ቀጥላ መታወቂያውን ላሚኔት በሚባለው የፕላስቲክ መለበጫ ውስጥ ታስገባለች፤ የተዘጋው ጠርዝ ወደ ፊት፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። የማሽኑ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ጠብቃ ታጎርሰዋለች። ሲወጣ ትኩሱ ካርድ እንዳይቆለመም ከወፍራም መዝገብ ሥር ትጫነዋለች። በመጨረሻ በመቀስ ትከረክመዋለች፤ ዙሪያውን የስንዴ ፍሬ የሚያህል ጠርዝ ትተውለታለች፤ ከዚያ ካነሰ ላብ ይገባበታል። ማዕዘኖቹንም ኪስ እንዳይቀዱ ታዶለድማለች።

በለጡ ነገሌ ላይ በትንሽ ሱቋ መታወቂያ በመለበጥና ማመልከቻ በመጻፍ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታለች። ከባሏ ከፈቀደ ጋር ከጉራጌ አገር የመጣችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ያኔ ለራሷ መታወቂያ «ዋስ አምጪ» ስትባል የሚያውቃት አልነበረም። ሰላምታ ብቻ የምትለዋወጣቸው ጎረቤቷ፣ የቦረናው ሽማግሌ ኦቦ ዱባ፣ «ጎረቤቴ ናት፤ በቃ» ብለው ፈረሙላት። ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ከወንበሯ ብድግ ትላለች።

በ2011 ዓ.ም. ቀበሌው ስለ መጤና ስለ ሌብነት ስብሰባ ጠራ። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ አምሀ ቁጥር አነበቡ፦ በዓመቱ ከቀረቡት 134 የስርቆት ማመልከቻዎች 91ዱ ከመጤ ጋር የተያያዙ ናቸው። አዳራሹ ጋለ። አንዱ «መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በማናውቀው ሰው ሞላ» አለ። ሌላው «የአገሩን ወግ ሳያውቁ ገበያውን ያዙት» አለ። ሐሳብም ቀረበ፦ አምስት ዓመት ያልቆየ ሰው መታወቂያው አይታደስለት።

ከመጣች ሁለት ዓመት የሆናት በርበሬ ሻጯ ሙኒራ የበለጡን ክንድ ያዘች። «እትዬ፣ መታወቂያ ከሌለኝ መደቤን ይነጥቁኛል። ወላሂ፣ ልጆቼን ምን አበላለሁ?»

በለጡ ግን ቁጥሩ ላይ ቀርታለች። ዘጠና አንድ! ማመልከቻ የምትጽፈው እሷ አይደለችም እንዴ? መታወቂያ የጠፋበት ሰው ምትክ ለማውጣት የፖሊስ ወረቀት ያስፈልገዋል። «ጠፋብኝ» ያለ ይገሠጻል፣ ይመላለሳል። ስለዚህ እሷ ለመጣው ሁሉ «ተሰረቀብኝ በል፤ ቶሎ ያልቅልሃል» እያለች ትጽፍ ነበር። ነባሩ ሰው ሁሉም ስለሚያውቀው መታወቂያው ቢጠፋም ወር ሙሉ ዝም ይላል፤ መጤው ግን ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ በማግሥቱ እየሮጠ ይመጣል።

ብትናገር የሱቋን ፈቃድ ልታጣ ትችላለች። ተነሳች።

«አቶ አምሀ፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የእኔ ጽሑፍ ነው። ያልተሰረቀውን ተሰረቀ እያልኩ ጽፌአለሁ።»

ከኋላ ወተት ሻጯ ሲፋን ጮኸች፦ «እውነቷን ነው! የእኔን መታወቂያ የበላው ፍየል ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ በለጡ፣ ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም» አሉ አቶ አምሀ።

«እኔስ መቼ ሳቅሁ? ቅጂው ሱቄ አለ፤ መጥተው ይቁጠሩ።»

የኮሚቴው ሰዎች መጥተው ቆጠሩ። ሦስት ቀን ፈጀ። ከ91ዱ 78ቱ የመታወቂያ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት 13 እውነተኛ ስርቆት ናቸው፤ በለጡም ሌባ የለም አላለችም። ከእነሱ አንዱ ግን የሙኒራ ነበር፤ አንድ ጆንያ በርበሬ ተሰርቆባት። መዝገቡ ያመለከተውን ሰው እንጂ የሰረቀውን አልቆጠረም።

ሐሳቡ ቀረ። ሙኒራ መታወቂያዋን አሳደሰች፤ በርበሬዋን ዛሬም እዚያው መደብ ላይ ትሰፍራለች። በለጡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ፈቃዷ ግን አልተነካም። በሳምንቱ ኦቦ ዱባ ከዘራቸውን ይዘው ሱቋ ደጃፍ ቆሙ።

«አካም ጅርታ፣ በለጡ? ደህና ነሽ? ያ ፊርማዬ አላሳፈረኝም።»

«አንቱ ባይፈርሙልኝ የት እቆም ነበር!» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

አሁን ደጃፏ ላይ ሽቦ ተወጥሯል። ወድቀው የተገኙ መታወቂያዎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለውበታል፤ ባለቤቱ መጥቶ በነፃ ይወስዳል። ይህን ለሚያነብ ሁሉ የምትለው አላት፦

«መንገድ ላይ መታወቂያ ካያችሁ አትለፉት፤ አምጡልኝ። የጠፋባችሁም መጀመሪያ ሽቦዬን እዩ። ከሌለ ግን ያለውን እንዳለ ንገሩኝ። ፍየል ከበላውም ፍየል በላው ብለን እንጽፋለን።»