ሰዓዳ አፍ ያወጣች ጊዜ

ጅዳ፣ አንድ የሐበሻ ትምህርት ቤት ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ማስተማር የጀመርኩ ዕለት ክፍሉ እረጭ ብሎ ጠበቀኝ። ደስ አለኝ። ወሎ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጨዋ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ሰሌዳውን ሞላሁት፣ ገለበጡ፣ ደወል ተደወለ።

ፈተና ስሰጥ ግን ጉድ ፈላ። ግማሹ ባዶ ወረቀት መለሰልኝ። እነዚያው ልጆች በእረፍት ሰዓት በዐረብኛ ሲንጫጩ ግቢው ይናወጣል፤ እኔ ስገባ ጭጭ! ግራ ገባኝ።

ዳይሬክተራችን አቶ ተፈራ ቢሮ ጠሩኝ። "ዝምታቸው ጨዋነት አይደለም፤ ሰልችተዋል። ከእንግዲህ አንተ ትንሽ ተናገር፣ እነሱ ብዙ ይናገሩ።"

"ታዲያ የእኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው?"

"አንዳንዴ ሆን ብለህ ተሳሳት። ይያዙህ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ላለመሳሳት ስጠነቀቅ ኖሬ፣ አሁን ተሳሳት! አለቃ ካዘዘ ምን ይደረጋል፣ ሞከርኩት። በዐረብኛም ቢሆን ተከራከሩኝ አልኳቸው።

ቀድማ የነቃችው አፏን ከፍታ የማታውቀው ሰዓዳ ናት። እናቷ ወይዘሮ ዘሐራ ሰው ቤት እየሠሩ ነው ያሳደጓት።

አንድ ዓርብ፣ የትምህርት ቀን ባይሆንም እናቶች ከማዳሞቻቸው ፈቃድ የሚያገኙበት ቀን ስለሆነ፣ ወላጆች ክፍል ገብተው እንዲያዩ ተጠሩ። የማስተምረው ስለ ትነት ነበር። "የታጠበ ልብስ ከመካ ይልቅ ጅዳ ቶሎ ይደርቃል፤ ጅዳ የባሕር ነፋስ አለ" አልኩ፣ ሆን ብዬ።

ሰዓዳ ብድግ አለች። "ላ፣ አይደለም! ተሳስተዋል መምህር! የጅዳ አየር ራሱ በእርጥበት ጠግቧል፣ ከልብሱ ምኑን ይወስዳል? ደረቁ የመካ ነው!"

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔን ከደስታዬ ብዛት አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ወይዘሮ ዘሐራ ግን ፊታቸው ቀልቶ ከኋላ ተነሡ። "አዑዙ ቢላህ! መምህርሽን በሰው ፊት?" ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉ። "አፉ ይበሉኝ መምህር። አሳዳጊ የበደላት አስባለችኝ።"

"ኧረ እኔ ነኝ ሆን ብዬ የተሳሳትኩት!"

"እያወቁ? ታዲያ መምህር ሆነው ለምን ይዋሻሉ?"

ከወላጆቹ ጋር ወደቆሙት አቶ ተፈራ ብዞር እሳቸው ኮርኒስ ያያሉ።

"ኸላስ፣ በቃ!" አሉ ወይዘሮ ዘሐራ። "አፍ ብቻ የሚያስረዝም ትምህርት ይቅርብን። መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ የማዳሜ እህት ቤት ገብታ ትሥራ።" ልጅቷን ክንዷን ይዘው ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም። ዝም እንዳለች ብትቀር ኖሮ ከክፍል አትወጣም ነበር። ግን ዝም ብላ ምን ልትማር? ወደ ድሮዬ ልመለስ ወይስ ልቀጥል? አቶ ተፈራን ብጠይቃቸው "እኔም ግራ ገብቶኛል" አሉኝ።

በሳምንቱ እናትና ልጅ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

"ወላሂ ደከመኝ መምህር" አሉ ወይዘሮ ዘሐራ። "ለምን መካ ትልኪኛለሽ ትለኛለች። ምክንያት ስሰጣት ታፈርሰዋለች፤ ሌላ ስሰጣት እሱንም ታፈርሰዋለች። መልስ አለቀብኝ። ይህን አፍ ያወጡላት እርስዎ ነዎት፤ በሉ እርስዎው ይቻሏት!"

ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ወደ ቦታዋ ሄደች። ገና ሳትቀመጥ እጇን አወጣች።

ለወጣት መምህራን የምለው ይህን ነው፦ ተማሪ እንዲከራከራችሁ ከፈለጋችሁ ለወላጁ አስቀድማችሁ ንገሩ።