ከሸቤ እስከ ጅማ ደረቴ ላይ

ሸቤ በታሰርኩበት ክፍል ያን ቀን ከሰዓት አምስት ሰዎች ነበርን። ባሏ ሲፈለግ እሷ የተያዘችው አራስ ሰሌን ላይ ተጋድማለች። ከጤና ጣቢያ የተጠራችው አዋላጅ እግርጌዋ ተንበርክካለች። አብራን የታሰረች የጅማ ነጋዴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፖሊሱ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ በሩ ላይ ነው። እኔ ጥጌ ላይ ነበርኩ። ስድስተኛዋ ገና ስም አልወጣላትም።

ሕፃኗ ቀኗ ሳይደርስ ነው የተወለደችው። ነጋዴዋ እንደ ልማዳችን ልታጥባት ውኃ ቀድታ፣ ልታልሳት ደግሞ ለራሷ ጸጉር የመጣላትን ቅቤ ይዛ ነበር።

“ተዪ እቴ፣ ውኃም ቅቤም ይቅር” አለች አዋላጇ። “በርዷታል። የሚያሞቃት የሰው ገላ ነው።”

እናትየዋ ደም እየፈሰሳት ነበርና ልትይዛት አልቻለችም። አምቡላንሱ ግቢ ገብቷል፤ የአዋላጇ እጅ ከእናትየዋ አይነሳም። ነጋዴዋን ሳል ይዟታል።

“አዮ፣ እርስዎ ይያዙልኝ” አለችኝ አዋላጇ፤ አዮ በአገሩ አፍ እናቴ ማለት ነው።

“እሳቸው አይወጡም” አለ ፖሊሱ ዞር ሳይል። “የእሳቸው ጉዳይ ፖለቲካ ነው።”

“እንግዲያው አንተ ሸሚዝህን አውልቅና እቀፋት!” አለችው ነጋዴዋ። “ደረትህ እንደሆነ ሰፊ ነው።”

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። “አዮ፣ ይመለሳሉ? ወላሂ ይበሉ።”

“በእግዚአብሔር ስም እመለሳለሁ።”

“እሱም ያው ነው” አለና በሩን ለቀቀ።

የቀሚሴን ቁልፎች ፈታሁ። አዋላጇ ሕፃኗን ራቁቷን ደረቴ ላይ አስተኝታ በነጠላዬ አሰረችን።

“ሳይወልዱ ታቀፉ!” አለች ነጋዴዋ ከኋላዬ። እውነቷን ነው፤ ወልጄ አላውቅም።

ሕፃኗ እንደ ወንዝ ድንጋይ ትቀዘቅዝ ነበር። አምቡላንሱ ውስጥ ፖሊሱም አብሮን ነበር፤ መንገዱን ግን አላየሁም፤ እስትንፋሷን ነበር የማዳምጠው። ጅማ ልንገባ ስንል አፏን ወደ ደረቴ አዙራ መፈለግ ጀመረች። ሆስፒታሉ ሁለቱንም ተቀበለልን። የእናትየዋም ደም ቆመ።

በቅርቡ የጎረቤቴን ልጅ ለመጠየቅ አንድ የገጠር ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እናቶች ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አስረው የሚተኙበት ሞቅ ያለ ክፍል አላቸው። በሩ ላይ ቆሜ አመሰገንኩ፤ አዋላጇንም፣ ፖሊሱንም እያሰብኩ።

ያን ቀን ሕፃኗን ሳስረክብ ፖሊሱ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ካቴናውን አወጣ፤ አየኝና መልሶ ኪሱ ከተተው።

“ቀስ ይበሉ አዮ፣ ደረጃው ያንሸራትታል።”

የቀሚሴን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፍኩ። ነጠላዬን ለሕፃኗ ትቼ፣ ከፊቱ ቀድሜ ወጣሁ።