ሁለት ሥራ ፈላጊዎች በአንድ ክፍል

ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው ያስደነገጠኝ ንጽሕናው ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያብለጨልጭ፣ አልጋው ከግድግዳው ጋር የተበየደ ብረት። የበረኪናው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። በአንዲት ቀጭን መስኮት በኩል የሴንት ፖል ሰማይና በረዶ የሸፈነው የመኪና ማቆሚያ ይታያል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። አሜሪካ ገብቼ ሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ እንደደረስኩ ጥገኝነት እጠይቃለሁ ስላቸው ያስጠጉኛል እንጂ ያስሩኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አገር ቤት ታስሬ አውቃለሁ። የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ፤ ስለ መምህራን መብት ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነው የተያዝኩት። የዚያኛው ክፍል ጨለማና ጠባብ ስለነበር ጎናችንን የምንቀይረው ተነጋግረን፣ ሁላችንም አንድ ላይ ነበር። ቁንጫው፣ ወበቁ፣ የሰው ትንፋሽ። ሲነጋ ግን አጠገቤ ያለችው ሴት “ደህና አደርሽ?” ትለኛለች። ሴንት ፖል ማንም አልመታኝም፤ ደህና አደርሽ ያለኝም የለም። ምግብ በበሩ ቀዳዳ ይገባል፤ ሳህኑ በዚያው ይወጣል። ቀጠሮሽ እስኪደርስ ጠብቂ ተብያለሁ። አንዳንዴ ድምፄ የጠፋ እየመሰለኝ ተነስቼ ለግድግዳው ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር አስተምር ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት አስገቡ። ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ እጆቿ የቀሉና የሻከሩ አሜሪካዊት ናት። ፍርዷን ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት። ለምን እንደታሰረች አልጠየቅኋትም፤ እስር ቤት ይኼ አይጠየቅም።

የእኔ እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። እሷ ደግሞ ከምትናገረው ግማሹን ትውጠዋለች። እንደምንም ተግባባን።

“ስትወጪ ምን ልትሠሪ ነው?” አለችኝ በማግስቱ።

“አስተምራለሁ።”

አልሳቀችብኝም። “አንድ ቀን ታስተምሪ ይሆናል። መጀመሪያ ግን የሚያስገባሽ ቦታ ትገቢያለሽ። ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ የአዛውንት መጦሪያ። ሌላውን ከውስጥ ሆነሽ ትፈልጊያለሽ።”

የአንድ ትልቅ ሆቴል የላውንድሪ ሱፐርቫይዘር ሆና ለብዙ ዓመት ሰው ስትቀጥር ኖራለች። የብረቱ ጠረጴዛ ጋ ሄዳ ተቀመጠችና “ተነሺ እስቲ፣ ልቅጠርሽ” አለችኝ።

ሽንት ቤቱን የምትከልለው አጭር ግንብ የቢሮው በር ሆነች። ከኋላዋ ወጥቼ ገባሁ፤ አንገቴን ሰበር አድርጌ ቆምኩ።

“ወለሉ ላይ ምን ወደቀብሽ?”

“በእኛ አገር አክብሮት ነው።”

“ገብቶኛል። እዚህ ግን የምትደብቂው ነገር ያለሽ ይመስላቸዋል። ዓይኔን እይ። ከከበደሽ ቅንድቦቼ መሃል እይ፤ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም።”

እጅ አጨባበጤንም አልወደደችውም። ቀኝ ክንዴን በግራ እጄ ደግፌ ጎንበስ ስል “ክንድሽን ያምሻል?” አለችኝ። ደግመን ደጋግመን ተጨባበጥን። ከዚያ ስለ ራስሽ ንገሪኝ ስትለኝ ከተወለድኩበት ከተማ ጀመርኩ። አባቴ ማን እንደሆኑ፣ እናቴ መቼ እንደሞተች፣ ወንድሞቼ የት የት እንደቀሩ።

እጇን አነሳች። “ይኼን ከቀጠርኩሽ በኋላ ምሳ ላይ ትነግሪኛለሽ። አሁን ማወቅ የምፈልገው ነገ ጠዋት ብትመጪ ምን እንደምትሠሪልኝ ነው።”

“መምህርት ነኝ።”

“እሱ ስም ነው። ምን ትችያለሽ?”

አሰብኩ። “አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ያለ ዱላ ጸጥ አሰኛለሁ።”

“ይኸውልሽ! እንዴት?”

“ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ።”

ይህን ያልኩት ለካ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ኖሯል፤ እሷም ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብላ ነበር የምትሰማኝ። ሁለታችንም ነቃንበትና ሳቅን። እዚያ አገር ከገባሁ ጥርሴን ያየ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን ታዲያ ማመልከቻዬ ፊቷ ያለ ይመስል ጠረጴዛውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ “እዚህ ጋ ሥራ ያልሠራሽበት ጊዜ አለ። የት ነበርሽ?” አለችኝ።

“እስር ቤት።”

“ኧረ ይኼን አይደለም።”

“ይኼን አይደለም። አገሬ ውስጥ ነው።”

ፈገግታዋ ጠፋ። “ምን አድርገሽ?”

“ተናግሬ።”

ከንፈር አልመጠጠችልኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። “አንድ ጊዜ በአጭሩ ተናገሪውና ዝም በይ” አለችኝ። “አታጣፍጪው፣ አትለማመጪ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሺ።”

መፈቻዋ ሲቃረብ፣ “አሁን የእኔ ተራ ነው” አለች። ሆቴሉ መልሶ እንደማይወስዳት የነገረችኝ ያኔ ነው። ከዚያች ቀን በፊት እሷም ሥራ ፈላጊ መሆኗን አላሰብኩትም።

ጠረጴዛው ጋ እኔ ተቀመጥኩ። ከግንቧ ጀርባ ወጥታ ገባች። አገባቧ ያምር ነበር። እጄን ጨበጠች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ስለ እድፍ ዓይነት፣ ስለ ማሽኑ፣ አዲስ ሠራተኛ እንዴት እንደምታሠለጥን በግልጽ ተናገረች። እኔ ብሆን ወዲያው እቀጥራት ነበር። የቀረኝን ጥያቄ ጠየቅኋት።

“ከመጨረሻው ሥራሽ ለምን ወጣሽ?”

“መንገዱ በረዶ ነበር” አለች። “የሆቴሉ መኪና ጎማው አልቆ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ ባሌ ጥሎኝ…”

“እያጣፈጥሽው ነው” አልኳት።

በክፋት አይደለም፤ የራሷን ቃል ነው የመለስኩላት። ፊቷ ግን እንደተመታ ሰው ሆነ። ተነስታ አልጋዋ ላይ ወጣችና ወደ ግድግዳው ዞረች። የራቷ ሳህን እንደመጣ ተመለሰ። አናገርኳት፣ አልመለሰችም። እስክትመጣ ድረስ ብቻዬን ዝም ብዬ ከርሜያለሁ፤ የዚያን ዕለቱ ብቸኝነት ግን ከዚያ ሁሉ ከፋብኝ። የሰው ጀርባ እያዩ ብቻ መሆን ሌላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ግንቧ ጋ ቆማለች። ፊቷን ታጥባ ፀጉሯን በውሃ አስተኝታዋለች። ነገሩ ገባኝና ሄጄ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“ከመጨረሻው ሥራሽ ለምን ወጣሽ?”

“ጠጥቼ ነዳሁ” አለች። “አብሮኝ የሚሠራ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። የላውንድሪ ሥራ አውቃለሁ።”

ዝም አለች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ዓይኔን አየች።

ቀጣሪዎች እንዲህ ባለ ጊዜ “እንደውልልሻለን” እንደሚሉ፣ ትርጉሙም አንፈልግሽም ማለት እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷው ናት። እኔ የለበስኩት ልብስ እንኳ የእስር ቤቱ ነበር። ግን ቆምኩ። ኮሌታዬን አስተካክዬ እጄን ዘረጋሁላት።

“ሰኞ ጀምሪ” አልኳት።

ወዲያው አልጨበጠችኝም። እያሾፍኩባት እንዳልሆነ ፊቴን አየች። ከዚያ ተነሳች፤ በሁለት እጇ ያዘችኝ።

“በስንት ሰዓት?” አለች።

“በጠዋት።”

ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ብርድ ልብሷን እንደ ሆቴል አንሶላ ጥግ በጥግ አጠፈችው። ጠባቂዋ “ቶሎ በይ” ስትላት አልቸኮለችም። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ስሜን ጠራችው፤ አጣማ ነው የጠራችው። ከእሷ በኋላ እኔ እስክወጣ ድረስ ማንንም አላስገቡም።

ጥገኝነቱ ተፈቅዶልኝ ስለቀቅ የተቀበሉኝ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሆፕኪንስ የሚኖሩ የወሎ ሰዎች ናቸው። አባወራው ደግ ሰው ነው። ክሪስታል በሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ የአዛውንት መጦሪያ ለኢንተርቪው ሲያደርሰኝ መንገዱን ሙሉ መከረኝ። “እህቴ፣ እስር የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። እነሱ እስረኛ ሲባል ሌባ ነው የሚመስላቸው። ልጅ ሳሳድግ ነበር በያቸው፣ አለቀ።”

ልጅ የለኝም። ቀጣሪው ሲጠይቀኝ ዓይኑን እያየሁ፣ “እስር ቤት ነበርኩ። ስለ መምህራን መብት ተናግሬ ነው። ነገ ጠዋት መጀመር እችላለሁ” አልኩት። አመሰገነኝ፤ እንደውልልሻለን አለኝ፤ አልደወለም። መኪና ውስጥ አባወራው “ምን አልሻቸው?” ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ማሞቂያውን ወደ እኔ አዞረልኝ።

ሌላ ቦታ፣ ያንኑ መልስ ሰጥቼ፣ ወጥ ቤት ሳህን እንዳጥብ ቀጠሩኝ። ዓመታት ቆይቼ ትምህርት ቤት በረዳትነት ገባሁ። ዛሬ አዲስ የመጡ ሰዎች ስለ ሥራ አፈላለግ ሲጠይቁኝ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። የት ተማርሽው ሲሉኝ፣ አንዲት ሱፐርቫይዘር አስተማረችኝ እላለሁ።

እሷ ሥራ ማግኘት አለማግኘቷን አላውቅም። የአባቷን ስም እንኳ አላውቅም፤ በምን ስም እፈልጋታለሁ? ሌክ ስትሪት አውቶቡስ ስጠብቅ እጆቿ የቀሉ አሮጊት ካየሁ ፊቷን ሳላይ አላልፍም። በየቢሮው ገብታ ያንን አጭር መልስ ስትሰጥ፣ እንደውልልሻለን ስትባል፣ ወደ ብርዱ ተመልሳ ስትወጣ በሐሳቤ አያታለሁ። ብዙዎቹ እንደዚያ ብለዋት ይሆናል። አንድ ሰው ግን ሰኞ ጀምሪ ብሏታል።