ባለ አንድ ጠቋሚው ሰዓት

ኦክላንድ ውስጥ፣ ፍራንክ በሚባል ሽማግሌ የሰዓት ጥገና ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካቻቢቴም ወረንጦም አልተሰጠኝም። ፍሪሞንት ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት ጥቃቅን ዕቃ ስገጣጥም ስለኖርኩ እጄ አላርፍ ብሎ ነበር። ፍራንክ ግን አንድ የነሐስ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "ዛሬ ሥራሽ ማየት ነው" አለኝ። ቁጭ ብሎ ማየትም ሥራ ሆነ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ሰዓቱ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር የተሠራ ነው። ፋኖስ ይመስላል፤ አናቱ ላይ ደወል ደፍቷል። የደቂቃ ጠቋሚ የለውም፤ ያለው የሰዓቱ ብቻ ነው። የሠሪው ስም ሲወለወል ኖሮ ስለጠፋ ፍራንክ "ሰውየው" ይለዋል። እኔም ሰውየው አልኩት።

በአጉሊ መነጽር ሰዓቱ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ጎማዎች ጥርሶች አሳየኝ። ሰውየው ነሐሱን በኮምፓስ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ጥርስ በሞረድ ነው ያወጣው። የጫራቸው መስመሮች ዛሬም ይታያሉ። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ አጠገቡ ሌላ መስመር ጭሯል፤ ጥርሱን የቆረጠው በሁለተኛው ላይ ነው። ፊት ለፊት የሚታየውን ሁሉ አለስልሶ፣ የኋላውን እንደሻከረ ትቶታል።

"ጉልበቱን የት እንደሚያውል ያውቅ ነበር" አለ ፍራንክ። የዚያን ዘመን ሰዓት ሠሪዎች ገና በልጅነታቸው ለአንድ ባለሙያ ተሰጥተው፣ እቤቱ እያደሩ ሙያውን ተምረው፣ ኋላ ነው የራሳቸውን ሱቅ የሚከፍቱት። ሰውየውን ወደድኩት። በቃ፣ ወደድኩት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ኑሪያ የምትባል ወጣት እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው ኒውአርክ አንድ ሰዓት በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጣች። አባቷ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። እዚሁ አካባቢ ዳብሊን የምትኖር አንዲት አሮጊት ደንበኛቸውን በታክሲ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ስትሞት ሰዓቱን ተወችላቸው። በኋላ የጋሽ ሰይድ የሁለት ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ።

ብርድ ልብሱን ገልጬ ጥርሶቹን ሳይ ክው አልኩ። ፊቱ ልስልስ፣ ኋላው ሻካራ፤ ያው ሞረድ ነው! ፍራንክም አይቶ፣ "ወይ ራሱ ነው፣ ወይ ሱቁ ውስጥ ያሠለጠነው ነው" አለ።

"ኢትስ ብሮክን" አለችኝ ኑሪያ። "ሰባት ሲሆን ዋን ታይም ነው የሚደውለው። ለፋዘርስ ዴይ ፊክስ አድርጊልኝ፣ ሰርፕራይዝ ነው። ለአባባ ላጸዳው ነው ብዬ ነው የወሰድኩት።"

በእንዲህ ያለ ሰዓት ምቱን የሚቆጥረው ጎማ ከኋላ ለብቻው ነው የሚዞረው። ስንት ጊዜ እንደሚደወል የሚወስኑት ጠርዙ ላይ ያሉት ቁርጦች ናቸው፤ ጠቋሚው የት እንዳለ ጎማው አያውቅም። ስለዚህ አንዳንዴ ሁለቱ ይተላለፋሉ። ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ እስኪገጥሙ ድረስ ደወሉን የሚለቀውን ማንሻ በጣት እያነሱ ማስደወል ነው።

"አስተካክይው። ከዚህ ሱቅ የሚዋሽ ሰዓት አይወጣም" አለኝ ፍራንክ።

ጣቴን ማንሻው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሰባት ላይ አንድ፣ ስምንት ላይ ሁለት... ኧረ ይሄ ሰዓት ሐበሻ ነው!

"አባትሽን ኮል አድርጊልኝ" አልኳት ኑሪያን።

"ኖ፣ ሰርፕራይዝ ነው አልኩሽ እኮ።"

"አድርጊልኝ።"

ደውላ ስፒከር ላይ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ሰዓት ጠጋኟ ነኝ። ይሄን ደወል የነካው ሰው አለ?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ዓይኔ እምቢ ሲለኝ፣ በጣቴ እየዳበስኩ ከኛ ሰዓት ጋር አገጣጠምኩት። ጠዋት አንድ ሲል መድኃኒቴን እውጣለሁ፤ ማታ አንድ ሲል እደግማለሁ። ልጆቹ ሥራ ሲውሉ ማንንም ሳላስቸግር የምኖረው በሱ ነው። አደራሽን ልጄ፣ እንዳትነኪብኝ።"

"አባባ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ቴል ሚ?" አለች ኑሪያ።

"'ስልኩ ይነግርሃል' እያልሽ መቼ አስወራሽኝ?"

ለፍራንክ አስረዳሁት። እኛ ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ የናንተ ሰባት ለኛ አንድ ነው አልኩት። ሰዓቱን ትክ ብሎ አየው። ከሰውየው በኋላ የመጡ ሰዓት ሠሪዎች፣ እንዳይተላለፉ ብለው ደወሉን ከጠቋሚው ጋር አያይዘውታል። እነሱ በሠሩት ሰዓት ቢሆን ጋሽ ሰይድ ይሄን ማድረግ አይችሉም ነበር። ፍራንክ ይሄ ሲገባው ሳቁ መጣ፤ የኔ ደግሞ እንባዬ መጣ።

ጎማዎቹን አጸዳሁ፣ ዘንጎቹን ዘይት ቀባሁ፣ ደወሉን እንዳለ ተውኩት። ኑሪያ ሰዓቱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ሰውየው ወሎ የሚባል አገር መኖሩን እንኳ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ሥራው ግን ዛሬም አንድ ዓይነ ስውር አባትን በራሳቸው አቁሞ ያኖራል። እጁን ባገኘው እስመው ነበር።

ሰዓት መጠገን ለምትጀምሩ የምለው ይሄን ነው፦ ተበላሸ ተብሎ የመጣላችሁን ሰዓት ከመንካታችሁ በፊት፣ የሚያዳምጠውን ሰው ጠይቁ።